የፍሬሽማኑ ቅጠል

«አንደኛ ዓመት ተማሪ መኪና ይዞ ግቢ ይምጣ ወይ?» ትሉኛላችሁ? እኔማ «ምን ያለ ቅብጠት ነው!» ባይ ነበርኩ፤ የሱሉልታ ጎረቤቴን ቶሌራን እስካይ ድረስ።

በዚያ በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን፣ ሁለታችንም ፍሬሽ ሳለን፣ በአባቱ ቪትዝ ለፈተና አዲስ አበባ ወዳለው ግቢያችን ይዞኝ ወጣ። ገና ከሰፈር ሳንርቅ መንገድ የዘጉ ወጣቶች ድንጋይ እንደጨበጡ ከበቡን። እኔ ጸሎት ጀመርኩ። ቶሌራ ግን በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ!» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ከወንበሩ ሥር ለምለም ቅጠል አወጣና መስታወቱ ላይ ሰካ። እያጨበጨቡ አሳለፉን!

እንጦጦ ስንደርስ ቅጠሉን ነቅሎ ወደ ወንበሩ ሥር መለሰው።

«ምነው?» አልኩት።

«ከዚህ በታች ፖሊስ ነው ያለው። ቅጠሉን ካየ እኛንም ይለቅመናል።»

ወይ ጉድ! ይሄን የትኛው ፕሮፌሰር ያውቀዋል?

የተፈተንነው ሲቪክስ ነበር። እኔ ኤ አመጣሁ፤ ቶሌራ ወደቀ።