አያ ይግዛው፣ የዕቃ ሁሉ ንስሐ አባት

በየቀበሌው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፤ የሌለበት ቀበሌ ካለ ስብሰባው ቶሎ ያልቃል ማለት ነው። የእኛው አያ ይግዛው ናቸው። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስትመጡ ከመንገዱ በላይ ነው ያለነው። እኔ የዕቃ ሁሉ ንስሐ አባት እላቸዋለሁ፤ በፊታቸው የሚያልፍ ዕቃ ሳይናዘዝ አይሄድማ።

"እናቱ ማን ናት? መቃብሩስ የት ነው?" ይላሉ፤ ከምን መጣ፣ ሲያረጅስ የት ይገባል ማለታቸው ነው።

ናይለን ሸሚዝ ገዝቼ ከገበያ ስመለስ ያዙኝ። እናቱን አላውቃት። ሲቀደድ የት እንደሚቀበርም አላውቅ። "እንግዲያ ዲቃላ ለብሰሃል" ብለውኝ ሄዱ። ጎረቤቴን በለጠችንም በጀሪካኗ አልማሯትም። "እንስራ ቢሰበር አፈር ነው፣ ወደ እናቱ ይገባል። ይሄስ?" እሷ ግን አፍ አላት። "እንስራውን እርስዎ ይሸከሙልኛ፣ አያ" አለቻቸው።

ከዚያ የኩበቱ ስብሰባ መጣ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ድረስ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ኩበት ማንደድ ቀረ። መሬታችን ደክሟል፣ ኩበቱ ሁሉ ማሳ ይግባ" አለ። እውነቱን ነው፣ ደክሟል። እኔም አጨበጨብኩ።

አያ ይግዛው ተነሱ። "ደግ ነው። ወጡስ በምን ይበስላል?"

"በእንጨት።"

"የእንጨቱ እናት ማን ናት?"

ሁላችንም ዞረን ከምንጩ በላይ ያለውን የአስታ ዛፍ ጫካ አየን። ሌላ እንጨት የለንማ። እሱ ካለቀ ምንጩም አብሮት ነው የሚሄደው።

"አያ፣ የልማት እንቅፋት አይሁኑ። ይውጡልኝ" አለ ድረስ። ዘንድሮ እንዲህ የተባለ ሰው አዳሩ የት እንደሚሆን አይታወቅም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

"የምትደግፉ እጅ አውጡ።" አንድም እጅ የለ። አይሆንም የሚልም የለ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፣ ድረስም ጭምር።

ሹልክ ብዬ ወጣሁና ምንጩ ዳር ደረስኩባቸው። "ሊቀመንበሩ ይመለሱ ብሏል" አልኳቸው።

"ድረስ? ራሱ?"

"ራሱ።"

ሲገቡ ድረስ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ሙግት ነው እንግዲህ። በመጨረሻ ሁሉም ባሕር ዛፍ ይትከል፣ ለማገዶ እስኪደርስ ግማሹ ኩበት ይንደድ፣ ግማሹ ማሳ ይግባ፣ አስታው ላይ መጥረቢያ አይነሳ ተባለ። ያኔ እጅ ወጣ፣ የበለጠችም ጭምር።

አያ ይግዛው ዛሬም፣ "ድረስ ልበ ሰፊ ነው፣ አስወጥቶኝ ራሱ አስጠራኝ" እያሉ በሄዱበት ያመሰግኑታል። ድረስም ይሰማል፣ አንድ ቀንም አላስጠራሁም አላለም። እኔማ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ።