የወይዘሮ ባንቺዓለም ቫዮሌት

ሰጥቶ የማይለቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በሞጣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ባንቺዓለም ነበሩ። ድስት ቢያውሱ ወጡን ሳይቀምሱ አያድሩም። ለጎረቤት ልጅ ስም ቢያወጡ፣ ልጁን ከወላጆቹ በላይ ይቆጡታል።

ሞባይል ገና ከተማው በገባ ሰሞን፣ ትርሲት የምትባል ነርስ ተመድባ መጥታ አጠገባቸው ቤት ተከራየች። ዕቃዋን ሳትፈታ ወይዘሮ ባንቺዓለም የቫዮሌት ችግኝ በጣሳ ይዘው ገቡና ከጓሮው አቮካዶ ሥር ራሳቸው ተከሉት። ከመሬት ብዙ የማትርቅ፣ አበባዋ ወይን ጠጅ የሆነ፣ ጥላ ወዳድ ተክል ናት።

«እንግዲህ ያንቺ ናት» አሏት። «ብቻ እንዳትነኪያት።»

ትርሲት ግራ ገባት። በማግስቱ ውሃ ስታጠጣ ደረሱባት።

«ሥሯን ልታበሰብሽው ነው?»

ተወቻት። ሰንብተው መጡ።

«በውሃ ጥም ልትገድያት ነው?»

«ፀሐይ አነሳት» ብለው የአቮካዶውን ቅርንጫፍ አስቆረጡ፤ ሳምንት ሳይሞላ «ተቃጠለች» ብለው በቦታው የማዳበሪያ ከረጢት ወጠሩ። ጠዋት ጠዋት በአጥር በኩል «እንዴት አደረች?» ይላሉ። ትርሲት «ደህና ነኝ» ስትል፣ «አንቺንማ አያለሁ» ይሏታል።

በሁለተኛው ዓመት ትርሲት ወደ ቢቸና ተዛወረች። ቫዮሌቷን ከነአፈሯ ነቅላ ልትመልስ ሄደች።

«እትዬ፣ አደራዎን ይረከቡኝ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የሰጠሁትን ስቀበል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ትርሲት ተክሏን ታቅፋ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

ቢቸና ከቤቷ ጀርባ፣ ጥላ ፈልጋ ተከለቻት። አሁን ብታጠጣም የሚቆጣ የለም፤ ባታጠጣም የለም። ውሃ እንደያዘች መቆም አበዛች። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ደወለች።

«እንዳትነኪያት፤ መጣሁ» አሉ።

በማግስቱ ቅቤና ሽሮ ተሸክመው ደረሱ። ትርሲት ወደ ጓሮ ልትመራቸው ስትል ክንዷን ያዙ።

«ከስተሻል።»

«እትዬ፣ አበባዋ በዚህ በኩል ናት።»

«ቁጭ በይ እስቲ። ምሳ በልተሻል?»

ሊያድሩ የመጡት ሳምንት ሰነበቱ። ገንፎ አገነፉላት፤ ጨርሳ እስክትነሳ ከአጠገቧ አልነቃነቅ አሉ። ወደ ጓሮ ግን ዝር አላሉም። ትርሲትም «አበባዋስ?» ብላ መጠየቁን ተወች።

ወደ ሞጣ የሚመልሳቸው መኪና ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ አሉ።

«በሚመጣው ወርም ቅጠሏ ቢጫ ይሆን ይሆን?»

ትርሲት ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«መሆኑ አይቀርም፣ እትዬ» አለች።