ሥራው እርምጃ ወሳጅ የሆነ ሰው

አንባቢዬ፣ «እርምጃ ወሳጅ» የሚባል ሙያ ያውቃሉ? እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ስለሆነ ቃል አከብራለሁ፤ ያልገባኝን አልጽፍም። በደርግ ዘመን፣ ሆሳዕና፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ የቀበሌያችንን የስኳር ራሽን መዝገብ እይዝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሽጉጥ የታጠቀ ጎልማሳ ገባ። ወረፋው በሙሉ «ኖር» ብሎ ቅድሚያ ሰጠው።

«ሥራ?» አልሁት።

«እርምጃ ወሳጅ።»

«በምን ላይ?»

«በሰው ላይ ነዋ፣ እህት ዓለም።»

ልብስ ሰፊ ነኝ እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ ነው የነገረኝ። ፈቃድ አውጥቶበት ይሆን? ደግሞስ አማርኛ «ነፍሰ ገዳይ» የሚል ቃል እያለው ይህን ያህል መዞር ምን አመጣው? ይህን ግን ልጠይቀው ፈራሁ። እንዳለኝ ጻፍሁ።

ከዚያ መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለና ጣቱን በመምህር ላምቤቦ ስም ላይ አሳረፈ።

«ይሄን ሰርዢው። ሐሙስ ዕለት ጨርሰናል።»

የመምህሩ ሚስት ወይዘሮ አበበች እዚያው ከኋላው ቆማለች። ባሏ ከታሰረ ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ወደ እስር ቤቱ ታደርሳለች።

«ትናንት እኮ ምሳውን ተቀብላችሁኛል፣ ጋሼ» አለች።

ሰውየው ወደ እሷ ዞሮ በትሕትና እጅ ነሣ።

«ቆጮው ግሩም ነበር። ጎመኑ ግን ጨው አንሶታል።»