የሞተው ሞተር ነው!

ወገን፣ ዛሬ ማይክ በእጄ እንደያዝኩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

እዚሁ ጋምቤላ፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ተማሪዎች "እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መማር ለሥራ ምን ይጠቅማል?" በሚል ርዕስ ምክር እንድሰጥ ተጋበዝኩ። እኔ! ክራባት አሰርኩ። በዚህ ሙቀት ክራባት! "ኮሙኒኬሽን ስኪል" የሚለው ቃል ከአፌ አልጠፋ አለ።

"ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ "ሐሳቡን ለማንም በግልጽ ያስረዳል!"

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

አሪየት! የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣ አሁን ጡረታ የወጣች። ለካ የልጅ ልጇን ይዛ መጥታለች።

"የሞተሩን ደብዳቤ ንገራቸው" አለች።

አለቀልኝ። ለተማሪዎቹ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ይሻላል።

ክልል በሆንን ሰሞን ነው። ቢሮዎች ገና መከፈታቸው፣ ወንበር ላይ እንኳ በተራ የምንቀመጥበት ጊዜ። እኔ ከደጋ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከች አልኩ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ የአማርኛውን በኩል እያየ "ሥነ... ጽሑፍ" ብሎ አነበበና ፊቱ በራ። "ጎሽ! ጽሕፈት ክፍል ሰው ቸግሮን ነበር!"

ታይፒስት ሆንኩላችሁ!

ያውም በሁለት ጣት። አጠገቤ የተቀመጠችው አሪየት በአሥሩም ጣቷ ሦስት ገጽ ስታወርድ እኔ ቀኑን ጽፌ አልጨርስም። ሳቋን ለመደበቅ የተደረደረ ወረቀት እንደገና ትደረድር ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን አቶ ኡጁሉ ተጨንቀው ገቡ። የክትባት ሠራተኞችን ከኢታንግ ወደ ወንዝ ዳር መንደሮች የምታደርሰው ጀልባ ሞተሯ ተበላሽቷል። ክረምቱ ደርሷል፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው። ሞተር ካልተገኘ ሕፃናቱ እስከ ጥቅምት ክትባት አያዩም።

"ለእርዳታ ድርጅቱ ጥሩ እንግሊዝኛ ጻፍልን" አሉኝ።

ጥሩ እንግሊዝኛ! አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩላት ቀን!

ሁለት ቀን አማጥኩ። "የባሮ አገልጋይ፣ የሕፃናት ተስፋ፣ ልቡ በድንገት ጸጥ አለ። እነሆ ጀልባዋም መበለት ሆና ከዳር ቀርታለች። ካልደረሳችሁልን ማን አለን?" በእንግሊዝኛው እንዴት እንደሚያምር ብታዩ! "ሞተር" የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። ነገርን በስሙ መጥራት ለተራ ሰው ነው ብዬ።

አሪየት ታይፕ እያደረገች ቀና አለች። "ሞተሩ የታለ?"

"ውስጡ አለ" አልኳት። "ሰምና ወርቅ ነው።"

በሳምንቱ የድርጅቱ መኪና በራችን ላይ ቆመ። አራት ሰዎች ወረዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል! ሹፌሩ ስኳር ተሸክሟል። ኃላፊዋ ፈረንጅ አንገቷን ደፍታ የአቶ ኡጁሉን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

አቶ ኡጁሉ ምንም አልገባቸውም። ግን ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሲመጣ "ምን ሆናችሁ?" ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ሀዘን የደረሰው በእንግዶቹ ላይ መሰላቸውና አብረው አንገት ደፉ።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለች አንዷ።

"እናንተንም ያጽናችሁ" አሉ አቶ ኡጁሉ።

ሃያ ደቂቃ! የየትኛው ወገን ሰው እንደሞተ ሳይታወቅ ሃያ ደቂቃ ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ገብቶኛል፣ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ኮሙኒኬሽን ስኪል ይሏችኋል ይሄ ነው!

በመጨረሻ ፈረንጇ በለሰለሰ ድምፅ "መበለቷንም አይተን ብናጽናናት" አለች።

አሪየት ከዚህ በላይ አልቻለችም። ብድግ ብላ "መበለቷ ኢታንግ በገመድ ታስራለች። የሞተው ሞተር ነው!" አለች። ቀጥላም በእንግሊዝኛ ደገመችው።



ከዚያ ፈረንጇ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አቶ ኡጁሉ ግን አልሳቁም፤ እኔን እያዩ ነበር።

አሪየት እዚያው ቁጭ ብላ ሦስት መስመር መታች። የክትባት ጀልባችን ሞተር ተበላሽቷል። ክረምት ደርሷል። እባካችሁ ሞተር ስጡን። በቃ! ዝናቡ ሳይጠነክር አዲሱ ሞተር ኢታንግ ደረሰ። ጀልባዋ ክትባቱን ጭና ስትነሣ ወንዝ ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አፍሬም ነበር።

በማግስቱ አቶ ኡጁሉ ጠሩኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ አሪየት ትጻፍ። አንተን ሰው ሲሞት እንጠራሃለን።"

ጠሩኝም! እዚያ ቢሮ እስከቆየሁ ድረስ የሀዘን መግለጫ በሙሉ የኔ ሥራ ሆነ። ያነበበው ሁሉ ያለቅስ ነበር፣ እሱን አትንሱኝ።

ዛሬ ይሄን ስተርክ አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ሲያበቃ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ያማከሩት ማንን መሰላችሁ? አሪየትን! አንዷ "እርስዎስ ምን ተምረው ነው?" ብትላት "የሱን ደብዳቤ ማሳጠር" አለቻት።

የልጅ ልጇ ግን ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ፣ መበለት የሆነችው ጀልባ ግን ታምራለች" አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ሥነ ጽሑፍ ብላ ልትሞላ ነው አሉ። ክራባቴን አስተካከልኩ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ይሄን ፖስት ከመለጠፌ በፊት ስህተት እንዳይኖረው ብዬ ለአሪየት ላክሁላት።

አንድ ቃል መለሰችልኝ። "ረዘመ።"