የክቡር ጋሽ ሙሜ ደሞዝ ለምን አይጨምርም

ሦስት ሐበሻ በሚኖርበት የዐረብ አገር ቤት ሁሉ አንዱ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ሁለቱ ባለጉዳዮች ናቸው። አራተኛ ሰው ቢጨመር እሱም ባለጉዳይ ይሆናል እንጂ ሁለተኛ ጉዳይ አስፈጻሚ አይሆንም፤ የመጀመሪያው አይፈቅድለትማ! ጉዳይ አስፈጻሚውን ለመለየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በነሐሴ፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያላቅቅበት ሰዓት ኮት ለብሶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ሁለት ስልክና አንድ አረንጓዴ ማኅደር ይይዛል። "ካፒቴኑ ወንድሜ ነው" ይላል። የትኛው ካፒቴን እንደሆነ አይናገርም፤ ካፒቴኑም ቢጠየቅ እንዲህ ያለ ወንድም እንዳለው የሚያውቅ አይመስለኝም።

የእኛው፣ በሳዑዲ የቱቅባ ሰፈሩ፣ ክቡር ጋሽ ሙሜ ይባላሉ። የጨለንቆ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያለፉትን አምስት ዓመታት ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል፣ እሳቸው ከታችኛው አልጋ እኔ ከላይኛው ሆነን ኖረናል። "ክቡር" የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በፌዝ ነበር የሰጠሁት፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ተቀበሉት።

በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ የውኃ ታንከርና የብረት በር የሚሠራ ድርጅት አለ፤ ሁለታችንም እንጀራችን እዚያ ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የክቡርነታቸው ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ "ሾፌር" ይላል፤ መኪና ሲነዱ ግን ዓይቼ አላውቅም። እሳቸው የሚነዱት ወረቀት ነው። የሁለት መቶ ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ የሚታደሰው፣ ወደ አገሩ የሚሄደው ሰው የመውጫ ቪዛ የሚወጣው በእሳቸው ጣት ነው። በወረቀት ላይ ግን የመንግሥት ጉዳዮች ኃላፊው ኡስታዝ ፋሪስ የሚባል የአገሬው ሰው ነው፤ ሥራው ለዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነውና። ኡስታዝ ፋሪስ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። አንዱን ቀን ሻይ ይጠጣል፣ ሁለተኛውን ቀን ይቆጣል።

ስለዚህ ሙያ ደሞዝ ላስረዳችሁ፤ ከላይኛው አልጋ ላይ ተኝቼ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ስለማመሽ አጥንቼዋለሁ። ኹበር ባሕር ዳር፣ በመስታወት ሕንጻ ውስጥ ላለ የነዳጅ ተቋራጭ የሚሠራ ጉዳይ አስፈጻሚ ከኡስታዝ ፋሪስ እጥፍ ያገኛል። እንግሊዝኛ ካለው ይጨመርለታል። ዋስጣ፣ ማለትም ስልኩን የሚያነሣለት ትልቅ ዘመድ ካለው ደግሞ እንግሊዝኛውም አያስፈልገውም። የሠራተኛው ቁጥር በበዛ መጠን ደሞዙ ይበዛል። ሁሉ ነገር ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ የመንግሥቱን ሲስተም የሚችል ሰው ይፈለጋል። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን የተወለድክበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ በኮርስ አይስተካከልም። ኡስታዝ ፋሪስ በወር ዘጠኝ ሺህ ሪያል ያገኛል። ክቡርነታቸው አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊትም አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነበር። እንግሊዝኛቸውም ያው የመጡ ጊዜ እንደነበረው ነው፤ "ፕሮብሌም ኖ፣ ቱሞሮ ፊኒሽ" ይላሉ፤ በዚችው ሁለት መቶ ሰው ያስተዳድራሉ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ክቡርነታቸው ቱቅባ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ችሎት ይሰየማሉ። የዚህ ሥራ ክፍያ በማስታወቂያ አልወጣም። ባለጉዳዩ ያለውን ይሰጣል። የስልክ ካርድ የሚሰጥ አለ፣ ግማሽ ዶሮ የሚያመጣ አለ፣ ዱዓ አድርጎ የሚሄድም ብዙ ነው። ኹበር፣ አሽ-ሸማሊያ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራው የደብረ ታቦሯ አምለሰት ማዳሟ ልትጥለው የነበረውን የሕፃን ጋሪ ሰጥታቸዋለች። ልጅ የላቸውም እዚህ። በኮታቸው ላይ ላብ እየተንጠባጠበ የመጠጥ ውኃ ጀሪካን በሕፃን ጋሪ እየገፉ ሲመጡ የሰፈሩ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል።

"ጋሽ ሙሜ፣ የኔ ነገር ከምን ደረሰ?" ትላቸዋለች አምለሰት በመጣች ቁጥር።

"በመንገድ ላይ ነው፣ ልጄ። ካፒቴኑ ወንድሜ ነው።"

"ካለፈው ዓመት ጀምሮ በመንገድ ላይ ነው እኮ!"

"መንገዱ ረጅም ነዋ። ካፊልሽ፣ ያስመጣሽ አሠሪ፣ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። ወራሾቹ ሰባት ናቸው። ስድስቱ ኹሩጅ ይሰጣት፣ አገሯ ትግባ ብለዋል። ሰባተኛው ከወንድሞቹ ጋር ተኳርፏል። እስኪታረቁ ነው የምንጠብቀው።"

አምለሰት ሰዎቹ እንዲታረቁላት ስለት ተስላለች። እስካሁን አልታረቁም፤ እሷም እስካሁን እዚሁ ናት። በየመን በኩል የገቡት፣ ምንም ወረቀት የሌላቸው ልጆች ሲመጡ ደግሞ ክቡርነታቸው ኮታቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ፣ "ለእናንተ የሚሆን ወረቀት እኔ ዘንድ የለም። አለኝ የሚላችሁን ሰው ሽሹት" ይሏቸዋል። ለዚህ ምክር አያስከፍሉም። ልጆቹ ሲሄዱ ግን ያ ዓርብ ችሎቱ ቶሎ ይበተናል።

ደግ ሰው ናቸው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የኩላሊት ጠጠር ጥሎኝ ደማም ሆስፒታል አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ስልኬ ተሰባብሯል፣ ሥቃዩ ሌላ ነው። ክቡርነታቸው ሙዝ ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣ "ነገ ሥራ ግባ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሽንቴ ደም ነው!"

"ደም ቢሆንም ግባ። እየተሳብክም ቢሆን ግባና ፋሪስ ፊት ታይ። ከዚያ ተመልሰህ ተኛ።"

ሙዙን ትተውልኝ ሄዱ። በማግስቱ እያቃሰትኩ ታክሲ ይዤ ሄድኩ፤ ታየሁ፤ ተመልሼ ተኛሁ። ለባለቤቱ ከባለቤቱ በላይ የሚጨነቅ አሽከር ብዬ እዚያው አልጋው ላይ ረገምኳቸው። ከወዳጆቼ ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ይህን ታሪክ እያወራሁ ሰው አስቄባቸዋለሁ።

ደግሞም ሲስተም አይችሉም። በሲስተሙ ለሚፈጸም ለእያንዳንዱ ጉዳይ በድርጅቱ ስልክ ላይ የማረጋገጫ ኮድ ይመጣል፤ ስልኩ ያለው ክቡርነታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ኮዱን በደቂቃ ውስጥ ካላስገቡት ይሞታል። አንዳንዱን ጉዳይ ዓይን ጨፍነው ይጨርሱታል። አንዳንዱ ላይ ግን፣ በተለይ ኡስታዝ ፋሪስ በቁጣው ቀን የሚሰጣቸው ላይ፣ መነጽር ይጠፋባቸዋል፣ ስልኩ ይዘጋባቸዋል፣ ጣታቸው ይሳሳታል። ኡስታዝ ፋሪስ ጠረጴዛ ይመታል። ክቡርነታቸው ማኅደራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ "ኔትዎርክ ማፊ፣ ያ ኡስታዝ። ቡክራ፣ ኢንሻ አላህ" ይላሉ። ኔትዎርክ የለም፣ ነገ ማለታቸው ነው። ቢሮው በሙሉ ይስቃል። እኔ ከሁሉም አብልጬ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ልጃቸው ሃፊዛ ድሬዳዋ የጤና ኮሌጅ መግቢያ አገኘች፤ ነርስ ልትሆን ነው። የግል ኮሌጅ ስለሆነ ምዝገባው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ፣ ክፍያውም በቅድሚያ ነው። ክቡርነታቸው በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጭማሪ ሊጠይቁ ወሰኑ። ሰባት መቶ ሪያል። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤውን ጻፍልኝ አሉኝ። ጻፍኩ። የሠሩትን ሁሉ ዘረዘርኩ። ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ሁሉ ሰው እኔ ነኝ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ ለምን አልጨመሩልኝም?"

መልሱን የማውቅ መሰለኝ። ሳላማክራቸው ደብዳቤውን ይዤ ኡስታዝ ፋሪስ ዘንድ ገባሁ።

አዳመጠኝ። "ሙሜ ጥሩ ሰው ነው" አለኝ። "ግን እኔ በጣም የምፈልገው ሥራ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ አይሠራልኝም። ሁልጊዜ ኔትዎርክ ማፊ! ለዚህ ነው ደሞዝ የምጨምረው?"

"ሙሽኪላው ኮዱ ብቻ ከሆነ ወደ እኔ ስልክ ይምጣ፤ እኔ አግዛቸዋለሁ" አልኩት፣ ብልህነቴ እየደነቀኝ።

ፊቱ በራ። "ኸላስ! ከነገ ጀምሮ የአንተ ሥራ ነው። ሰባት መቶ ጨምሬልሃለሁ።"

"ለጋሽ ሙሜ ማለትህ ነው?"

"ለአንተ ነዋ!"

ለሰው ልለምን ገብቼ የሰውየውን ጭማሪ ይዤ ወጣሁ። አልፈልግም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እስኪ ልናገረው፣ በመተላለፊያው ስሄድ በሰባት መቶው የምገዛውን ስልክ አስቤ ነበር።

ማታ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ክቡርነታቸው ግን ማኅደሩን ከትራሳቸው ሥር አወጡና ሰጡኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም እጅ ሲነካው ዓይቼ አላውቅም።

"መጀመሪያ ይሄን አንብበው" አሉኝ። "ከዚያ ስለ ደሞዝ እናወራለን።"

ውስጡ አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ነው። ሁሉም ላይ የኡስታዝ ፋሪስ ፊርማ አለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። ሁሩብ ይግባበት ይላል። ሁሩብ ማለት "ይህ ሠራተኛ ጠፍቷል" ተብሎ ሲስተም ውስጥ የሚገባ ክስ ነው። የገባበት ሰው ሥራው ላይ ቆሞ እንኳ ጠፍቷል። ኢቃማው ይሞታል፣ ባንኩ ይዘጋል፣ መንገድ ላይ የያዘው ፖሊስ ወደ ማረፊያ ቤት ይወስደዋል፤ ከዚያ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ነው። የትርፍ ሰዓት የጠየቀ አለበት። ከፎርማኑ ጋር የተጣላ አለበት። ሰባተኛው ወረቀት ላይ "ናሁሰናይ" ይላል። እኔ ነኝ። ቀኑ ሆስፒታል የተኛሁበት ሳምንት ነው።

"የፋሪስ ቁጣ ከሳምንት አያልፍም" አሉኝ ክቡርነታቸው፣ ኮታቸውን አጥፈው እያስቀመጡ። "እኔ የምሠራው ያቺን ሳምንት ማሳለፍ ነው። ኔትዎርክ ማፊ እላለሁ፤ ይረሳዋል። አንተ ላይ ግን ጠንክሮ ነበር፤ ለዚህ ነው ታይ ያልኩህ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አፍህን አውቀዋለሁ፣ ናሁ። በማግስቱ የሠራተኛው ካምፕ በሙሉ ይሰማ ነበር።"

አፌን እኔም አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሙዙ ታሪክ ሰው ሳስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ላይኛው አልጋ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ "ክቡር" ስላቸው አልቀልድም።

ስለ ደሞዝ ያጠናሁትን ሁሉ ሰርዙት። ክቡርነታቸው ያላደጉት በዜግነታቸውም በእንግሊዝኛቸውም ብቻ አይደለም። ጭማሪ የሚያስገኘው ሥራ አንድ ነበር፤ እሱን አልሠሩም።

ከሦስት ቀን በኋላ ኡስታዝ ፋሪስ አራት ስም ሰጠኝ። የብየዳ ክፍል ሰዎች ናቸው፤ የሦስት ወር ደሞዝ ቀርቶብናል ብለው አመልክተዋል። ቁጥራቸውን አስገባሁ። ኮዱ ስልኬ ላይ መጣ። ኡስታዝ ፋሪስ ፊቴ ቆሞ ይጠብቃል። ስልኩን ይዤ ቁልቁል አየሁ። አንዲት ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር። አለቀች። "ኔትዎርክ ማፊ፣ ያ ኡስታዝ" አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በወሩ መጨረሻ ኡስታዝ ፋሪስ ሰባት መቶውን አነሣው፤ አንድ ቀን እንኳ በኪሴ አላደረም። የድሬዳዋው ምዝገባም ተዘጋ። ሃፊዛ አልተመዘገበችም። አባቷ ስልክ ሲያናግሯት፣ "በመንገድ ላይ ነው፣ ልጄ" ሲሉ ከላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ስለ ካፒቴኑ ግን ምንም አላሉም። አሁን ኡስታዝ ፋሪስ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ዜጋ የሆነ፣ ሲስተም የሚችል፣ ፈጣን ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ሲመጣ አራቱም፣ አሥራ ዘጠኙም፣ ሁለታችንም ምን እንደምንሆን አውቃለሁ። ለእያንዳንዳችን አንድ ደቂቃ በቂ ነው።

ትናንት የሠራተኛ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ቱቅባ ስንመለስ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

"ዛሬስ ኮዱ መጣ?"

"ኔትዎርክ ማፊ፣ ክቡርነትዎ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ በትካዜ መረመሩኝና፣

"በል እንግዲህ" አሉኝ፣ "ኮት ግዛ።"