የኮቴ ገመድ

ቀረጥ ሰብሳቢ የሚናፍቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሆ፣ እኔ አለሁላችሁ!

ድሮ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ጋሽ ይመር በሐይቅ ከተማ የከብት ገበያ በር ላይ ገመድ ወጥረው የኮቴ ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር። ተጨቃጭቀን፣ ምለን ተገዝተን ስንከፍል ገመዱን ዝቅ አድርገው፣ "አላህ በረካ ያድርግልህ!" ብለው በሬያችንን ይመርቁታል።

ጦርነቱ ሲያልፍ ክልሉ፣ "ገበሬው ተጎድቷል፤ ኮቴ ይቅር" አለ። ማዘጋጃ ቤታችን፣ "ታዲያ ገበያውን በምን እናጽዳው?" ብሎ ቱግ አለ። እኛ ግን እልል አልን።

በመጀመሪያው ገበያ ያለ ገመድ ገባን። በሬዬን የወደደው ገዢ፣ "ጋሽ ይመር መርቀውታል?" ብሎ ጠየቀኝ። በሬዬን እየጎተትኩ ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሽ ይመር፣ ክልሉ የከለከለው ክፍያውን ነው፤ ምርቃቱን ማን ከለከለ?"

በሬውን ትክ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ሳትጨቃጨቀኝ ምርቃቱ ከየት ይምጣልኝ?"