የእታለም አፍና የአባ ገብረ ሊባኖስ ጉበት

አጥር የሌለው መንደር አይጠፋም፤ እታለም የሌለችበት መንደር ግን ገና አልተቆረቆረም። ስሟ ይለያይ ይሆናል እንጂ በየሰፈሩ አለች፤ ማን ምን እንደበላ፣ የበላውም ተስማምቶት እንደሆነ የምታውቅ ሴት። የሰቆጣዋ ግን የሁሉም አለቃ ነበረች። ክብርት ወይዘሮ እታለም፣ የወሬ ግምጃ ቤት ሹም፣ «እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው እንጂ» ካለች የሰው ገመና ወጣ ማለት ነው። የጥሩሐረግን እርግዝና ከባሏ ቀድማ ያወጀችው እሷ ነች። ከደሃና ገብስ ጭኖ የመጣ ሰው አህያውን ሳያራግፍ ከማን ተጣልቶ እንደመጣ ገበያው ይሰማል። ሲቆጧት በአገሩ አገውኛ በኽምጣንጋ ትመልሳለች፣ ሲያመሰግኗት በአማርኛ።

አባ ገብረ ሊባኖስ የዚህች ሴት ጎረቤት ነበሩ። ምን ይደረግ፣ ዕጣቸው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ለማሳል እንኳ ዘወር የሚሉ፣ ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው። አንድ በጋ ለተዝካር እዚያው አገር ቆላ ወዳለችው ዝቋላ ወርደው ፍየል ከሚጠጣበት ኩሬ ጠጡና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው ተመለሱ። ደም የሚፈሰው ካህን ደግሞ መቅደስ አይገባም። ለምን እንዳልቀደሱ ቢናገሩ በማግስቱ አገሩ ሁሉ የሳቸውን ሆድ ሊያወራ ነው። ስለዚህ «ሱባኤ ይዣለሁ» አሉና ዳዊታቸውን ታቅፈው ከጓሯቸው ቁልቋል ጀርባ ይመላለሱ ጀመር።

ጉዱ የመጣው ይኼኔ ነው። ምእመኑ አያቸው፤ ዳዊት ታቅፈው ሲሮጡ፣ ላባቸው ጠብ እያለ ሲመለሱ፣ ቁጭ ሳይሉ ደግሞ ሲሮጡ። እንዲህ ያለ የጸሎት ፍቅር ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ተቅማጡ በኋላ ተዋቸው፤ ዝናው ግን አልተዋቸውም። ክሳታቸው የጾም በረከት ሆኖ ተቆጠረ፣ ለመባረክ የሚመጣው ሰው ደጃቸውን ሞላ። እሳቸውም የሰዉን ፊት እያዩ እውነቱን መናገር ከቀን ወደ ቀን ከበዳቸው።

ቆየት ብሎ ትኩሳት ያዛቸው። ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ይወጋቸዋል፤ ውጋቱ ደግሞ ወጥቶ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ይቀመጣል። ግማሹ ምች ነው አለ፣ ግማሹ መጋኛ ነው አለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀላቸው። ምንም ጠብ አላለም። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ክሊኒኩ ወሰዷቸው። እታለምም ማንም ሳይጠራት ከኋላ ተከተለች።

ብዙነህ የሚባለው ወጣቱ የጤና መኮንን በጎድኖቻቸው መካከል በጣቱ ጫን ሲያደርግ አባ ክብራቸውን ረስተው ጮኹ። ጉበታቸው መግል ሳይቋጥር እንዳልቀረ ገባው። ከዚህ በፊት ደም ያለበት ተቅማጥ ነበረዎት ወይ ሲል ጠየቃቸው። አባ ቃሬዛ ተሸካሚውንና በሩን የሞላውን ሕዝብ አዩና «በፍጹም» አሉ።

ብዙነህ ተቸገረ። ተቅማጡ ነበረ ከተባለ ተሕዋሱ ከአንጀት በደም ተጉዞ ጉበት ውስጥ ገብቷል፣ መርፌውም ይታወቃል። ያ መርፌ ግን ልብ የሚጎዳ ነውና በግምት አይወጉትም። ዝም ብለው ከተዉት ደግሞ መግሉ ፈንድቶ ሆድ ውስጥ ይረጫል።

«አባ፣ ደብቀውኝ ከሆነ ይሞታሉ» አላቸው።

አባ አሁንም የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ግን ዓይናቸው ከእታለም ዓይን ጋር ገጠመ። የቁልቋሉ ወዲያኛው ወገን የእሷ ጓሮ ነው። በቃ፣ ዛሬ አለቀልኝ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እታለም ነጠላዋን አደገደገች። ሰውዬውን አየር ከልክላችሁ ልትገድሏቸው ነው ወይ ብላ ያንን ሁሉ ሕዝብ እየገፈተረች አስወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ወደ ብዙነህ ጆሮ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። ይህች ሴት ማንሾካሾክ እንደምትችል ሰቆጣ ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር።

አባ ከአልጋ እንዳይነሡ ተከለከሉ፣ በየቀኑ ተወጉ። ወፍራም መርፌ በጎናቸው ገብቶ ድፍድፍ የመሰለ ቡናማ መግል ሳህን ሙሉ ቀዳ። ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ሰንብተውም በእግራቸው ቤታቸው ገቡ።

መሳቂያ እሆናለሁ ብለው እየፈሩ ቢጠብቁ፣ ደጃቸው እንደ ወትሮው የሚባረክ ሰው ሞልቶታል። ማንም አልሰማም። መከራዋን የምታየው እታለም ነበረች። የአባ ሱባኤ በተነሣ ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ትወሽቅና ተነሥታ ትሄዳለች። እንዳያመልጣት ብላ ሌላውንም ወሬ ተወች። ጎረቤት ታመመች ብሎ ይጠይቃት ጀመር፤ እውነትም ከሳች።

አባ አላስቻላቸውም። አንድ ጧት ጓሮዋ ድረስ ሄዱ።

«እታለም፣ ይበቃሻል። ተናገሪው፤ እኔ አልቀየምሽም።»

እሷ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ምኑን ነው አባ የምናገረው?»

ከዚያ እታለም ወርቅአገኘሁና አማቱ ትናንት በበቅሎ ነገር መጣላታቸውን አነሣች፤ ፊቷም ወዲያው ፈካ። አባ ገብረ ሊባኖስ በዕድሜያቸው ሁሉ ሐሜት ሲጀመር ተነሥተው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከአጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ከዚያስ?» አሏት።